የደሴዎቹ በሬ

ሀሊሜ ነጅሙዲን ኳስ ስትለጋ ቀኝ እጇን ከኋላዋ አምጥታ፣ ከራሷ በላይ አንድ ጊዜ ሹር አድርጋ ነበር የምትመታው። የቆቦ ሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሠልጣኝ መምህር ይሁኔ ይህን አመል ሊያስተዋት ሲደክም ከረመ።

«እጅሽን አታዙሪ እንጂ! ኳሱ እኮ ፊትሽ ነው ያለው።»

«እሺ ጋሼ» ትላለች፤ ታዞራለች። ኳሱም ማዶ ያሉት ሴቶች እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት አቧራ አስነስቶ ቁጭ ይላል።

መምህሩ የተዋት የነገሩ ሥር ሲገባው ነው። ልጅቷ ከዋጃ በታች ባለው ሜዳ፣ በአባቷ ማሽላ መካከል ማማ ላይ ቆማ በወንጭፍ ወፍ ስታባርር ያደገች ናት። እጇ ባዶ ሲሆን እንኳ ወንጭፍ የያዘ ይመስለዋል። በስልሳ አምስት ዝናቡ ቀረ፤ ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ፤ ወፎቹም የሚሰርቁት ሲያጡ አገሩን ለቀው ሄዱ። ከብቱ አለቀ። እናቷን መንገድ ላይ ቀብረው ሀሊሜ፣ አባቷ አያ ነጅሙዲንና የአባቷ እህት ራቢዓ ቆቦ መጠለያ ገቡ። እኔ በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ መጠለያው ውስጥ እህል አከፋፍል ነበር።

ስለዚያ ዘመን የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰዎቹ ሁልጊዜ ተርበው ብቻ ነው የሚታዩት። እኔ የማውቃቸው ግን በረሀቡ መካከል ይቀልዱ፣ ይኮራረፉ፣ በትንሽ ነገር ይቀናኑ ነበር። የሰው ሆድ ስለጎደለ ሌላው ነገሩ ሁሉ አብሮ አይጎድልም። ለዚህ ነው ስለ ረሀቡ ተናገር ስባል ስለ ኳስ የምጀምረው።

ኳሱ የመጣው ከባሕር ማዶ በተላከ የልብስ ሣጥን ውስጥ ነው። የላኩት ሰዎች ቆቦን ብርድ አገር አድርገው አስበዋት መሰለኝ፣ ሣጥኑ በሙሉ ካፖርት ነበር። አያ ነጅሙዲን ትልልቅ ቁልፍ ያለው ቀይ የሴት ካፖርት ደረሰው፤ በዚያ ሐሩር አንድ ቀን አውልቆት አላየሁም። «ሙቀቱስ ነገም አለ» ይላል፤ «ካፖርቱን ግን ያወለቅሁ ቀን አንዱ ይወስደዋል።» ኳሱ ከካፖርቶቹ ሥር ተቀምጦ ነበር። የከተማው ወጣቶች ቀድመው ወስደው በእግር ቢጠልዙት ቀለለባቸው፤ ነፋሱ ወደ ሮቢት አቅጣጫ ይዞት ይከንፋል። «ይሄማ የሴት ኳስ ነው» ብለው በንቀት መለሱት። ተማሪ ሳለ መረብ ኳስ የተጫወተው መምህር ይሁኔ «እንግዲያው ለሴት ይሁናላ!» አለና ክለቡ በዚያው ተቋቋመ። ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ውሃ የሚያመላልሱ ሴቶች ተሰበሰቡ። የስልክ ቤቷ ደመቀች አምበል ሆነች፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ መጮኽ ትችላለች። መረቡን ከእህል ጆንያ በተተረተረ ቃጫ ሠሩት።

ጉዱ የታየው በመጀመሪያው ግጥሚያ ነው። ከሮቢት ሴቶች ጋር ሲጫወቱ አንዷ የሮቢት ልጅ ኳስ ልታድን ተወርውራ በደረቷ ወደቀች። ወዲያው ስድስቱም የቆቦ ተጫዋቾች «እኔን!» ብለው በመረቡ ሥር ገብተው ከበቧት። አንዷ አነሳቻት፣ አንዷ አቧራዋን አራገፈችላት፣ ሀሊሜ ጉልበቷን እፍ አለችላት። ኳሱ የትም ተንከባሏል። ዳኛው የእህል መኪና ሾፌሩ ተሾመ ነበር፤ ዳኛ የሆነው ፊሽካ ስለነበረው ብቻ ነው። ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ሳይነፋው አያቸው። ጥቂት ቆይቶ ከቆቦ በኩል አንዷ ስትወድቅ ደግሞ ሮቢቶች በሙሉ ወደዚህ መጡ። ከዋጃ ጋር ሲጫወቱም እንዲሁ ሆነ። ጥፋቱ ከሁለቱም ወገን እኩል ስለነበር ጥፋት መሆኑን ያወቀ አልነበረም፤ ጨዋታው ብቻ አያልቅም። ከዋጃዎች ጋር ከቀትር በኋላ የተጀመረው ግጥሚያ መግሪብ ሲደርስ ለሶላት ተበተነ፤ ማን እንዳሸነፈ የጠየቀም የለም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የፍልስፍና መምህራችን ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀን ጥያቄ ነበር። የሌላው ሰው ሕመም በእርግጥ መኖሩን በምን አውቃለሁ? ብዙ ወረቀት ጽፌበት ጥሩ ነጥብ አግኝቻለሁ። በቆቦ ሜዳ ላይ ግን ጥያቄው መቆሚያ አጣ። ሌላው ሲወድቅ የእነዚህ ሴቶች አፍ ውድቀቱን ለራሱ ይጠይቃል፤ እግራቸው ይከተላል፤ ሐሳብ የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ አቧራ ሲራገፍ ነው። ደግነት ነው ወይስ ልማድ? ወይስ ልማድ የሆነ ደግነት ከነጭራሹ ሌላ ስም ያስፈልገዋል? ይኸው ሸበትኩ፣ አልቆረጠልኝም።

መምህር ይሁኔ ግን ፈላስፋ አልነበረም፤ ማሸነፍ ይፈልጋል።

«በመረብ ሥር ማለፍ ጥፋት ነው! ነጥብ ያስወስዳል!» ይላቸዋል።

«ወድቃ እያየኋት ጋሼ?» ትላለች ሀሊሜ።

«አዎ! ወድቃ እያየሻት!»

«ጋሼ፣ እናትዎ በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ምን አገናኘው?»

«እንዲህ ሲሉ ቢሰሙዎት ምን ይሉ ብዬ ነው።»

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ፤ መምህሩም በዚያ ቀን ሥልጠናውን አቋርጦ ሄደ። መላውን ያመጣችው ሜዳው ዳር ተቀምጣ የምታይ የነበረችው የሀሊሜ አክስት ራቢዓ ናት። «እናንተ ኳሳችሁን ምቱ» አለች፤ «የወደቀ ካለ እኔ ዞሬ አነሳለሁ። እኔ ተጫዋች አይደለሁ፣ ማን ጥፋት ይይዝብኛል?» መምህሩ የጨዋታው ደንብ ያለበትን መጽሐፍ ገልብጦ አየ፤ የሚከለክል አላገኘም፤ የሚፈቅድም አላገኘም። ተሾመ ፈረደ፦ «መኪና ረዳት ይፈቀድለታል፤ ለዚህም ይፈቀድ።» ከዚያ ወዲህ ራቢዓ በመረቡ ምሰሶ ሥር ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጣ ትቀመጣለች። ሰው ሲወድቅ ምሰሶውን ዞራ ትሄዳለች፤ ታነሳለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሌሎቹ ካሉበት ሆነው «እኔን!» ይላሉ፣ እግራቸውን ግን እንደ ምንም ይይዙታል። ሀሊሜ ብቻ አንዳንዴ ታመልጣለች።

የስልሳ ስድስት ግንቦት ሲጋመስ መጠለያው ከክረምቱ በፊት እንዲበተን ታዘዘ። መሬት ያለው ዘር እየተሰጠው ወደ ቀዬው ይሄዳል። አያ ነጅሙዲን የማሽላ ዘሩን ተቀበለ፤ በሬ ግን አልነበረውም። ከጎረቤቱ ከአያሌው በሬዎች አንዱ ተርፏል፤ አያሌው ሌላ በሬ ከሚያመጣለት ሰው ጋር ተቀናጅቶ ሊያርስ ዝግጁ ነው። ግን እስከ መጀመሪያው ዝናብ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

«አንድ በሬ ባገኝ ዛሬውኑ እሄዳለሁ» አለኝ አያ ነጅሙዲን፤ «ካጣሁ ግን ይቺን ዘር ቆልቼ በልቼ እዚሁ እተኛለሁ። ወላሂ አልነሳም።» አባባሉ የቀልድ አልነበረም። እንዲህ ብለው የተኙ ሰዎችን አይተናል።

ያን ሰሞን የከተማው ነጋዴዎች መጠለያው ከመበተኑ በፊት የደሴ እርዳታ ሠራተኞች የሴት ቡድን መጥቶ እንዲገጥም ጠሩ፤ ለአሸናፊው ሽልማት አንድ በሬ አቆሙ። ቦራ ይሉታል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ የጎን አጥንቱ ከሩቅ የሚለይ ከሲታ ነው።

ደመቀች ቡድኑን ሰበሰበች። «እኔ በሬ ስልክ ቤት ውስጥ ምን ላደርገው? ሃሎ ላስብለው? ካሸነፍን የሀሊሜ ነው።» ሁሉም እሺ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሀሊሜ መሳቅ አቆመች። ከሥልጠና በኋላ ብቻዋን ቀርታ በኳሱ ግድግዳ ስትደበድብ ትቆያለች።

ደሴዎች በላንድሮቨር፣ ሱሪ ለብሰው መጡ። አምበላቸው ሲስተር ብዙነሽ የምትባል፣ ቀጠን ያለች፣ ዓይነ ፈጣን ነርስ ናት። ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተከበበ፤ ወንዶቹ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው። በሬው ዳር ላይ ታስሯል። እኔ ከአያ ነጅሙዲን አጠገብ ነበርኩ።

«ይህች ቀጭኗ ማናት?» አለኝ።

«አምበላቸው ናት። ነርስ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። ብትወድቅ ራሷን ታክማለች፤ የኔዎቹ አይድከሙ።»

በመጀመሪያው ዙር የሀሊሜ እጅ ሠራ። ሹር ስታደርገው ሕዝቡ «ወፉን!» ይላል፤ ኳሱ ደሴዎች እግር ሥር ያርፋል። ቆቦ አሸነፈ። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ አንዷ የደሴ ልጅ አዳለጣትና ወደቀች። ራቢዓ ከቆርቆሮዋ ሳትነሳ ሀሊሜ በመረቡ ሥር ሹልክ ብላ ደረሰችላት። ፊሽካ! ነጥብ ለደሴ። ብዙነሽ ይህን አየች፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ ሲያልፍ እኔም አየሁ።

ከዚያማ ደሴዎች መውደቅ ጀመሩ። ኳስ ከወዲያ ማዶ እያለ አንዷ ከወዲህ ትዘረራለች። ሀሊሜ ትሮጣለች፤ ፊሽካ። ሌላዋ ትወድቃለች፤ የወጥ ቤቶቹም እግር አመለጠ፤ ፊሽካ።

«ውሸታቸውን ነው! አትሂጂ!» ይጮኻል ሕዝቡ።

«ምን ዓይነት አገር ነው ደሴ?» አለ አያ ነጅሙዲን፤ «ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው የለበትም?»

ራቢዓ ምሰሶውን ስትዞር ስትመለስ ትንፋሿ አጠረ። ሆኖም አንዷንም አልዘለለችም። «እኔን የኔ ልጅ! ምነው ዛሬ መሬቱ ወደደሽ? ቁርስ አልሰጡሽም?» እያለች ታነሳቸዋለች። የተነሱት ልጆች ቀና ብለው ሊያይዋት አፈሩ። ብዙነሽ ራሷ ስትወድቅ ግን ራቢዓ ቶሎ አላነሳቻትም። አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ልጄ» አለቻት፣ ሜዳው ዳር ላለነው በሚሰማ ድምፅ፣ «ስትወድቂ እጅሽን አስቀድመሽ ዘረጋሽ። የእውነት የሚወድቅ ሰው እጅ የለውም። አንቺም ነርስ ነሽ፤ ዓመቱን ሙሉ ስናይ የከረምነውን ታውቂዋለሽ።»

ብዙነሽ ተነስታ ሱሪዋን አራገፈች። ያን ዙር ደሴ አሸነፈ፤ በሦስተኛው ዙር ግን አውቃ የወደቀች አልነበረችም። ጨዋታ የሚባለውን ያየሁት ያኔ ነው። ተያይዘው ሄዱ፤ ሲመሽ ለደሴ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት፤ ቆቦም እግር በእግር ተከትላታለች።

ብዙነሽ ለጋች። ኳሱ ሄደ፤ መጣ፤ ሄደ። ከደሴ በኩል አንዷ ወደ ኋላ ስትሮጥ እውነተኛ አወዳደቅ ወደቀች። ራቢዓ ተነሳች፤ ምሰሶውን ዞረች፤ ሁለት እርምጃ እንደተራመደች እጇን ሳትዘረጋ በፊቷ ተደፋች።

ኳሱ አየር ላይ ነበር። «እኔን!» የሚለው ድምፅ ከአንድ አፍ የወጣ ይመስል ነበር። ሀሊሜ ሮጠች፤ ብዙነሽም ሮጠች፤ አሥራ ሁለቱም ሮጡ። ተሾመ ፊሽካውን ጥሎ ሮጠ፤ መምህር ይሁኔ ሮጠ፤ አያ ነጅሙዲን ካፖርቱን እየጎተተ ሮጠ። ብዙነሽ የራቢዓን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ አንገቷን ዳሰሰች፣ ውሃ አጠጣቻት። ትንሽ ቆይቶ አሮጊቷ ዓይኗን ገለጠች።

«ምን ትከቡኛላችሁ?» አለች፤ «ማን አሸነፈ?»

ሁላችንም ተያየን። ኳሱ የት ወደቀ? ከየትኛው ወገን? ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ አንድ ምስክር ጠፋ። ኳሱን ያገኘነው በሬው እግር ሥር ነው፤ ቦራ ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል።

«በሬውን ጠይቁት!» አለ አንዱ ባለዱላ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሀሊሜ ግን አልሳቀችም።

ተሾመ «ይደገም» አለ። ተደገመ። ብዙነሽ ለጋች፤ ኳሱ ቀጥታ ወደ ሀሊሜ መጣ። የቀላል ቀላል ኳስ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ሜዳው ዳር ወዳስቀመጧት አክስቷ ልካ ነበር። ኳሱ ክንዷን ነክቶ ወደ ጎን አምልጦ ሰው መሃል ወደቀ። ደሴ አሸነፈ።

አያ ነጅሙዲን የካፖርቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፋቸው። አቧራው ላይ ተቀመጠ፤ አቀማመጡ የሚነሳ ሰው አቀማመጥ አልነበረም።

ደሴዎች በሬያቸውን ከበው ቆሙ። ላንድሮቨሩን ያያሉ፤ በሬውን ያያሉ፤ እንደገና ላንድሮቨሩን ያያሉ። አንድ ሥጋ ሻጭ ከሰው መሃል ወጥቶ የበሬውን ሽንጥ መዳበስ ጀመረ። ሀሊሜ ይህን ስታይ መጣች። የመረቡ ሥር ባዶውን እያለ፣ ጨዋታውም አልቆ እያለ፣ ምሰሶውን ዞራ ነው የመጣችው።

«ሲስተር፣ በሬያችሁን የት ልታሳድሩት ነው?»

«እኔንጃ» አለች ብዙነሽ፤ «የኔ ቤት አንድ ክፍል ናት።»

«እንግዲያው ለክረምቱ አውሱኝ። አርሼበት፣ አብልቼ፣ በመስከረም እመልሳለሁ።»

ብዙነሽ ገመዱን ዘረጋችላት። «ውሰጂው። ያንቺ ይሁን።»

ሀሊሜ እጇን ወደ ኋላዋ ሰበሰበች። «አላሸነፍኩትማ! ስጡኝ መች አልኩ? አውሱኝ ነው ያልኩት።»

«ይሁን፣ አውሼሻለሁ» አለች ብዙነሽ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ግን በመስከረም መጥተን እንገጥማለን፤ ሽልማቱም ይኸው በሬ ነው።»

«ኢንሻአላህ። ያኔ ከኛ ትወስዱ እንደሁ እናያለን።»

ሥጋ ሻጩ እየተነጫነጨ ሄደ። ሀሊሜ በሬውን እየሳበች አባቷ ዘንድ መጣች።

«አባዬ ተነስ፤ አያሌው ዘንድ እንሂድ።»

«የማነው በሬው?»

«የደሴዎች።»

«የሰው በሬ ቢሞትብኝስ?»

«እንዳይሞት ተነስና አጠጣው!»

አያ ነጅሙዲን ተነሳ። የራሱ በሬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይነሳ ነበር? እጠራጠራለሁ። የራስን ነገር ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ይተወዋል፤ አደራን መተው ግን የተለየ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ጉልበት ደግሞ በዚያ ዓመት ማንም ዘንድ አልነበረም።

ዝናቡ መጣ። ቦራ ከአያሌው በሬ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ፤ ማሽላው በቀለ፤ ሀሊሜ ማማዋ ላይ ወጣች፤ ወፎቹም ተመለሱ። በመስከረም ደሴዎች መጡ፣ ገጠሙ፣ አሁንም አሸነፉ። «እስከሚቀጥለው መስከረም አውሱኝ» አለች ሀሊሜ። በዓመቱም አሸነፉ፤ እሷም ተዋሰች። መንግሥት ተለወጠ፤ መጠለያው ፈርሶ ቦታው ገበያ ሆነ። በአገሩ ስንት ማኅበር ተቋቁሞ ስንቱ ፈረሰ፤ ይህ ክለብ ግን የሰው በሬ ስለያዘ መበተን አልቻለም። ደሴዎች በአውቶቡስ ሾፌር በኩል ለበሬያቸው ጨው ይልካሉ። ደመቀች ከስልክ ቤት ትጮኻለች፦ «ሃሎ ደሴ! ሳሉ ለቆታል! አዎ፣ በሬው! ይበላል!»

ሀሊሜ በኋላ የራሷን ማሳ አረሰች፣ አገባች፣ ወለደች። የዋጃ ልጃገረዶች ከእሷ ዘንድ መለጋት ይማሩ ጀመር፤ ዛሬም በዚያ አካባቢ እጃቸውን ሹር ሳያደርጉ የሚመቱ ጥቂቶች ናቸው ይባላል። ከዚያ በፊት ግን፣ ደሴዎች ለዓመታት እያሸነፉ ቦራን ሳይወስዱት ከቆዩ በኋላ፣ ቆቦ አሸነፈች። የመጨረሻውን ኳስ የለጋችው ሀሊሜ ናት። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው፤ ወንዶቹ ዱላ እያጋጩ ጨፈሩ።

አያ ነጅሙዲን በጭፈራው መሃል ልጁን ፈልጎ አገኛት። ፊቱ ተክዟል።

«አሁን የኛ ሆነ?»

«የኛ ሆነ አባዬ! አልሐምዱሊላህ!»

«እንግዲህ ጨዉን ማን ሊልክ ነው?»

ሀሊሜ ጭፈራዋን አቆመች። ጥቂት አሰበችና በሰው መካከል እየተጋፋች ሄዳ ብዙነሽን ክንዷን ያዘቻት።

«ሲስተር፣ በሬውን ለዘንድሮ ላውሳችሁ?»

«እኛን? ምን ልናደርግበት? የትስ ልናሳድረው?»

«እሱስ ምን ቸገራችሁ» አለች ሀሊሜ፤ «እኔ ጋ ይቀመጥላችኋል።»

ብዙነሽ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጨዉ በዚያ ዓመትም መጣ።